ያልነደደው ቀለበት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ጀርባ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጥር አጠገብ ቁርጥራጭ ብረት የምገዛበት ሱቅ አለኝ። ስሜ ጠሃ ነው። ሰው ሐጂ ይለኛል። መካ አልሄድኩም። ይህን ብዙ ጊዜ ተናግሬ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ብረት በማዳበሪያ ይመጣል። የተሰበረ ማረሻ፣ የመኪና ሞላ፣ የተበሳ ድስት። አብዛኛውን ሳላገላብጥ መዝኜ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና እጭነዋለሁ። ለይቼ የማስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የድሮ መድፍ ጥይት አፍንጫ።

የመጀመሪያው ከጨንቻ በወረደ ማዳበሪያ ውስጥ ከዶማ ስባሪ ጋር ተደባልቆ መጣ። ሾጣጣ ናስ ነው፤ ጡጫ ያክላል። አፈር በልቶት አረንጓዴ ሆኗል። በሎሚና በአሸዋ ሳሸው ወገቡ ላይ የሚዞር ቀለበት ወጣ። ቀለበቱ ዙሪያውን እንደ ሰዓት ፊት ተጭሯል። ጭረቶቹ ከጸጉር የቀጠኑ ናቸው። ቁጥርም አላቸው።

በወጣትነቴ መድፈኛ ክፍል ውስጥ ወታደር ነበርኩ፤ ጥይት ተሸካሚ። ስለዚህ ምን እንደሆነ አወቅሁ። በቀለበቱ ሥር ባሩድ የተጠቀጠቀበት ቀጭን ቦይ አለ። ተኳሹ ጥይቱ ስንት ሰከንድ በሮ እንዲፈነዳ እንደፈለገ ቀለበቱን ያዞራል። ጥይቱ በሰማይ ሲሄድ እሳቱ በቦዩ ውስጥ ይዞራል። ቀለበቱ ያዘዘው ቦታ ሲደርስ ጥይቱ በሰው ራስ ላይ ይፈነዳል። እኛ የተሸከምነው ዘመናዊውን ነበር። ይህ ግን ሰው በጦርና በጋሻ ሲዋጋ የተሠራ ነው።

ያን ቀን ሱቁን ሳልዘጋ ቆየሁ። ባሕር ማዶ አንድ ሰው ተቀምጦ ያንን ጭረት ጭሯል። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጋሞ የሚባል ደጋ መኖሩን አያውቅም። ሰከንድን ከፋፍሎ በናስ ላይ ጻፈው፤ ናሱም ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ እዚህ መጥቶ ነደደ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች መጡ። አመጣጣቸውን እጠይቅ ነበር። ሁሉም የወጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከጨንቻ በላይ ካለው የጎላ ሸንተረር። ሰዉ ለአፕል እርከን ሲቆፍር ያገኛቸዋል። ድሮ ከሰሜን የመጣው ጦር መድፉን ከሸንተረሩ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ተክሎ ነበር ይላሉ። እያንዳንዷን ያገኘ ሰው የሸንተረሩ አናት ላይ ይሁን ወገቡ ላይ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። የሁሉም ቦይ ባዶና ጥቁር ነው። ተቃጥለው አልቀዋል።

ባለቤቴ ዙሁራ መደርደሪያዬን ስታይ ትስቃለች።

«የሰው ባል ወርቅ ይሰበስባል፤ የእኔ የሞት አፍንጫ» ትላለች።

አንድ የክረምት ከሰዓት ዝናብ ገበያውን በትኖት ሥራ ፈትቼ ነበር። አፍንጫዎቹን አውርጄ በቀለበታቸው ቁጥር ደረደርኳቸው፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ። ከዚያ የተገኙበትን ቦታ አሰብኩ። ትልቅ ቁጥር ያለው ከሸንተረሩ አናት ነው። መካከለኛው ከወገቡ። ትንሹ ከታች፣ ወደ መድፉ ኮረብታ ከሚቀርበው ቁልቁለት። ደጋግሜ አየሁት። ተኳሹ ቀለበቱን እየቀነሰ የሚሄደው ሰው ሲቀርበው ነው። እነዚያ ሰዎች ጦር ይዘው ወደ መድፉ እየሮጡ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ከአጠገባቸው አልተነሳሁም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይጠይቀኛል?

በ2001 ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም እንደገባ፣ ማርቆስ ወደ ሱቄ መጣ። ማርቆስ የጎላ ሰው ነው፤ አፕል ያለማል፣ እሑድ እሑድ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ይመራል። ናስ የሚያነጻ ነገር ፈለገ።

«ለምንህ ነው?» አልኩት።

«ለአባቴ። ሊሾም ነው፤ ሐላቃ ሊሆን። የአያቱ ካላቻ ተገኘለት።»

ካላቻ እንደ ሐላቃ ያሉ የጋሞ ሹማምንት ግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ቀንድ መሳይ ብረት ነው። የድሮ ካላቻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

«የት ተገኘ?»

«የታችኛው ማሳችን ውስጥ፤ እርከን ስንቆፍር። እኔ እንኳን በእንዲህ ያለ ነገር የለሁበትም ሐጂ። እምነቴ አይፈቅድም። ግን አባቴ አቅፎት ነው የሚያድረው።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ፎቶው ደብዛዛ ነው። ቀለበቱን ግን አየሁት።

«ማርቆስ፣ ይህ ካላቻ አይደለም። የመድፍ ጥይት አፍንጫ ነው።»

ወደ መደርደሪያዬ አየ። ወደ እኔ አየ። ሳቀ።

«ሐጂ፣ ዋጋ ሊጥሉ ነው አይደል? አይሸጥም።»

«እሳት አስነክታችሁታል?»

«ገና ነው። በሹመቱ ቀን ነው የሚሞቀው። የእኛ ጎሳ ልማድ ነው፤ ካላቻ በቅቤ ታሽቶ ምድጃ ላይ ይሞቅና በትኩሱ ግንባር ላይ ይታሰራል። ቀዝቃዛ ብረት የሞተ ነው ይላሉ።»

በማግስቱ በጠዋት ጨንቻ የሚወጣ መኪና ያዝኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ከጨንቻ ወዲያ በእግሬ ወጣሁ።

የማርቆስ አባት ኦይቻ እኩያዬ ነው፤ ገበያ ላይ እንተዋወቃለን። ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤቱ ውስጥ ከሚስቱ ከወለቴ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ነገሩ ቅቤ በሞላ የእንጨት ገበቴ ውስጥ ተኝቷል። ወለቴ በየቀኑ ታሸዋለች። ናሱ እንደ እንቁላል አስኳል ያበራል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልነካሁትም። ቀለበቱ ሙሉ ነው። የቦዩ አፍ እንደተደፈነ ነው፤ እሳት አልገባበትም። ከሥሩ የጥይቱ የተሰበረ የብረት አንገት አብሮት ቀርቷል፤ አንገቱ ውስጥ ያለው የባሩድ ቋት አልተከፈተም። ቀለበቱ ትንሿ ቁጥር ላይ ቆሟል። አንድ ላይ።

እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ተተኩሷል፤ በርሯል፤ ወድቋል፤ ሥራውን ግን አልሠራም። ከመቶ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ሆኖ ጠብቋል። ልቤ ፈለገው። መደርደሪያዬ ላይ መሃል ላይ አስቀምጬው አየሁት፤ በሐሳቤ።

«እህ? አማረህ?» አለች ወለቴ።

«ኦይቻ፣ ይህ ካላቻ አይደለም። ውስጡ ባሩድ አለ። እሳት ከነካው ፊትህን ይዞት ይሄዳል።»

«በል!» አለች ወለቴ። «አንተ ሰውዬ ናሱን ከሲቀላ ድረስ አሸተትከው? ውሻ እንኳ እንዲህ አያሸትም።»

«አልገዛውም።»

«ዓይንህ ግን ገዝቶታል።»

እውነቷን ነው።

ኦይቻ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። ገበቴውን ወደ ራሱ ጎተተ።

«ጠሃ» አለኝ፤ እሱ ብቻ ነው በስሜ የሚጠራኝ። «አያቴ ከዚያ ጦርነት ያለ ካላቻ ተመለሰ። ጥሎት ሮጠ አሉ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ስጣላ የሯጩ ልጅ ይሉኛል። ልጄንም ይሉታል። አሁን ካላቻው ከየት ወጣ? ከታችኛው ማሳ። ከፊት፣ ከመድፉ በኩል። የሮጠ ሰው ካላቻው እዚያ ምን ይሠራል?»

ያኔ ገባኝ። ናስ ተው እያልኩት አልነበረም። የአያቱን ስም ተው እያልኩት ነበር።

«ለዱቡሻ አቅርበው» አልኩት። «እኔም እናገራለሁ። የምዋሽ ከሆነ እዚያ ይታያል።»

ዱቡሻ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። እዚያ መዋሸት ለሰውም ለከብትም መቅሠፍት ያመጣል ብለው ያምናሉ። ኦይቻ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ይሁን» አለ። «እስከዚያ እሳት አይነካውም።»

ወለቴ ገበቴውን አንስታ ከምድጃው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። እያጉረመረመች ነው፤ ግን አራቀችው።

ወርጄ አፍንጫዎቼን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ።

«አሁን ደግሞ ልትድራቸው ነው?» አለች ዙሁራ።

«ሽማግሌ ፊት ላቀርባቸው ነው።»

«ካፈርክ ብቻህን እፈር። እኔን ባለቤቴ ናት እንዳትል።»

ምሳዬን ግን ቋጠረችልኝ።

በዱቡሻው ቀን ጉም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱ ጎሳ ቦታ የታወቀ ነው፤ ማንም ከማንም ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። ድሮ ሲዘምቱም በዚሁ አሰላለፍ ነበር ይላሉ። ኦይቻ ነገሩን በነጭ ጨርቅ ይዞ መጣ። ማርቆስ ከኋላው ቆመ።

አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ጀመረኝ።

«ሐጂ፣ ጨንቻን ድፍን ዓመት በኪሎ ገዛኸው። አሁን ካላቻችንን ልትመዝን መጣህ?»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ማዳበሪያዬን ፈትቼ አፍንጫዎቹን በሣሩ ላይ ደረደርኩ፤ ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ።

ሳቁ ቆመ። አንድ ነው ብለው ያሰቡት ነገር ብዙ ሆኖ ፊታቸው ተሰለፈ። ኦይቻ ነጩን ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ፊቱን ማየት ከበደኝ።

ስለ ቀለበቱ ነገርኳቸው። ስለ ቦዩና ስለ እሳቱ። ባዶ ቦይ ያለውን አንዱን በእጃቸው አዞሩት፤ ጥፍራቸውን አስገብተው ጥላሸቱን አዩ። ከዚያ እያንዳንዱ የተገኘበትን ቦታ ነገርኳቸው። ያገኙት ሰዎች አንዳንዶቹ እዚያው ነበሩ። «አዎ፣ ከአናቱ ነው፤ እኔ ነኝ የሸጥኩለት» አለ አንዱ። ሌላው «የእኔ ከወገቡ ነው» አለ።

«ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል» አልኩ። «ቁጥሩ የሚቀንሰው ሰው ወደ መድፉ ሲቀርብ ነው።»

ጉሙ በመካከላችን አለፈ።

ራሰ በራው ጉሮሮውን ጠረገ። ብልህ ሰው ነው።

«ቆይ ሐጂ። ሰው ሲሸሽም እኮ ቁጥሩ ይለወጣል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ወደፊት ይሩጡ ወደ ኋላ በምን ለየህ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አሰብኩ። እነሱም ጠበቁኝ፤ ዱቡሻ ላይ ማንም አያጣድፍም።

«አልለየሁም» አልኩ። «ግን ከዚያ ለመሸሽ መጀመሪያ እዚያ መድረስ ያስፈልጋል።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ራሰ በራው ራሱ ጉልበቱን መታ።

«የኦይቻው ቀለበት አንድ ላይ ነው የቆመው» አልኩ ሳቁ ሲያባራ። «ከዚያ በታች የለም። ይህን ያዞረ ተኳሽ የሚመጡትን ሰዎች ጋሻ መቁጠር ይችል ነበር። ቸኩሏል። ምናልባት እጁ ተንቀጥቅጧል። ስለዚህ አልነደደ ይሆናል፤ አላውቅም። ይህ ጥይት ከሁሉም ፊት የቀደሙት ሰዎች ላይ ነው የተተኮሰው። ወድቆ ድንጋይ ላይ ተሰበረ እንጂ አልፈነዳም።»

«የታችኛው ማሳ» አለ ራሰ በራው ቀስ ብሎ። በእጁ የሽማግሌዎቹን አቀማመጥ ተከተለ፤ ድንጋይ በድንጋይ። እጁ ኦይቻ ላይ ሲደርስ ቆመ። «በሰልፉ ያ ቦታ የእናንተ ነው።»

ማንም አልተቃወመም።

ኦይቻ ነገሩን ከጨርቁ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በሁለት እጁ፣ እንደ ተኛ ሕፃን። ከዚያ ከሱ ፈቀቅ አለ።

«ስለዚህ አያቴ ከዚህ ሥር ነበር» አለ። «ይህ ቢነድ ኖሮ እኔ የለሁም።» ወደ ማርቆስ ዞረ። «አንተም የለህም።»

ማርቆስ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየጸለየ ነበር።

«እንግዲህ ለሐጂ እንስጠው» አለ አንዱ። «ተመኝቶታል፤ ነገሩንም ያወቀው እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ወለቴ ከሴቶቹ መሃል ከሩቅ ቆማ ታየኝ ነበር። ያ ናስ እግሬ ሥር ነበር፤ ቅቤው ላይ ጉም ጠል ሆኖበት።

«ለእኔም አትስጡኝ» አልኩ። «ፖሊስ ይጠራ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወለቴ ገበያ ስትወርድ ሰላምታዋ ረዘመ።

ሽማግሌዎቹ ሹመቱ ነገሩ ካለቀ በኋላ ይሁን ብለው ወሰኑ። ፖሊስ ለመከላከያ አሳወቀ። ከቀናት በኋላ ፈንጂ የሚያመክን ወታደር በፒካፕ መጣ። ሃምሳ አለቃ ሸዋንዳኝ ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ነገሩን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ይህን በቅቤ ማን አሸው?»

«እኔ» አለች ወለቴ።

«እናቴ፣ እግዚአብሔር ይወድሻል።»

የተገኘበትን ቦታ አሳየነው። በመሣሪያው አፈሩን ዳበሰ፣ በእጁ ቆፈረ፣ ከድንጋይ ሥር የጥይቱን ሆድ አወጣ። የጠርሙስ ያህል ነው፤ ዝጓል። የተሰበረበት አፉ በሸክላ አፈር ተደፍኖ ከነባሩዱ ተቀምጧል። ቤተሰቡ እዚያ ላይ ድንች ሲተክል ኖሯል።

ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጣቸው። በላያቸው የራሱን ፈንጂ አደረገ። አገሩን ሁሉ አራቀ። ሰዉ ግን አልሄደም፤ ማዶ ካለው ዳገት ላይ ቆመ። ኦይቻ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ የወንድሞቹን ልጆች ሁሉ ጠርቶ አቁሟቸዋል። ዳገቱ በሰው ሞላ። የታዘሉም ነበሩ።

መጀመሪያ ያየሁት ጭሱን ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ። ደረቴን ገፋው። ከሸንተረሩ ወደ ኮረብታው ሄደ፣ ከኮረብታው ተመለሰ፣ ወደ ታች ወደ ሐይቆቹ በኩል ወረደ። ከቀርከሃው ወፎች ተነሱ። አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ሌላ ማንም ድምፅ አላሰማም። በሕይወቴ ብዙ መድፍ ሰምቻለሁ። እንዲያ ያለ ዝምታ ግን አልሰማሁም።

«ጥይቱ አሁን ደረሰ» አለ ኦይቻ።

ጭሱ ሲጠራ ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሸዋንዳኝ ሊከለክለው ፈልጎ ተወው። ኦይቻ ጎንበስ አለ፤ ከጉድጓዱ አፍ እርጥብ ሣር ነጨ። ከዚያ ወደ ወታደሩ መጣ።

«አገርህ የት ነው ልጄ?»

«ሰሜን ነኝ አባባ። ሸዋ።»

«መድፉም ከዚያ በኩል ነው የመጣው።»

«እኔ ያኔ አልተወለድኩም አባባ።»

«እኔስ ተወልጄ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። ሸዋንዳኝም ሳቀ። ኦይቻ ግን አልሳቀም፤ ሣሩን ዘረጋለት። ወታደሩ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ወደ እኔ አየ።

«በሁለት እጅህ ተቀበል» አልኩት። «እዚህ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ከሰጠህ ጠቡ አበቃ ማለት ነው።»

ሃምሳ አለቃው ጓንቱን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተነስተው መረቁት። ምርቃቱ በጋሞኛ ነበር፤ አልገባውም። በየመሃሉ ግን አሜን አለ።

በእሱ ፒካፕ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። መሪውን ሾፌሩ ይዟል። ሸዋንዳኝ ሣሩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ነው። ጉሙን አልፈን ሐይቆቹ ታዩ። ከተማው መግቢያ ላይ ዞሮ አየኝ።

«አባባ፣ ይህን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«አላውቅም» አልኩት። «ለእኔ ተሰጥቶኝ አያውቅም።»

ትንሽ አሰበ። የደረት ኪሱን ቁልፍ ፈታ፤ ሣሩን አጣጥፎ ከተተው፤ ቁልፉን ዘጋ።